ቀይ ረድፍ

ስም ዝርዝሩ ደረሰኝ በዘጠነኛው ሳምንት፤
ተርሙ አሥራ አራት ነው፣ የቀረውን ቁጠሩት።
አረንጓዴ፦ ደኅና ነው። ቢጫ፦ ዓይን አይለየው።
ቀይ፦ ሊወድቅ ነውና በቶሎ ድረሱለት።
ገጹን ወደ ታች ስቤ የኔን ረድፍ ባየው
የተሰጣ በርበሬ።
ማን ከመቼ ጀምሮ ቀልቶ እንደቆየ
ከሰንጠረዡ ላይ አልተገኘም ወሬ።

አጅማን፣ ከጋራዦቹ ሰፈር ጀርባ፣
በቀለም ሽታና በአሸዋ መሃል ነው ኮሌጁ፤ በሩ ላይ ግን አበባ፣
በቀን ሁለት ጊዜ በቧንቧ የሚጠጣ፣
ከኔ የሰዓት ሒሳብ የሚበልጥ የውሃ ጣጣ።

"ክፍል መቶ አሥራ አራት ተይዞልሃል" አሉኝ፤
ስደርስ የስፌት ሥልጠና። ወደ ሁለት መቶ ሦስት መሩኝ፤
ተቆልፏል። ቁልፉ አቶ ናዲም ዘንድ ነው፤
አቶ ናዲም ስብሰባ፤
ስብሰባው ስለ ተማሪ ድጋፍ ነው።
እኛ ከደረጃው ሥር፣ ከውሃ ማሽኑ ጎን፣
ሦስት ወንበር አዙረን ክፍልፋይ ጀመርን።

ኸልፋን የወደብ በር ሌሊቱን ጠብቆ
ይመጣል በማለዳ እንቅልፉን ሰንቆ፤
እኔ ኤክስን ስፈልግ ከእኩል ምልክት ማዶ
እሱ ደርሶ ያንኮራፋል፣ እኔን እዚያው ጥሎ ሄዶ።
ዓፍራ ጥያቄውን ሳታነብ "አልችልም" ትላለች፣
ቃሉን እንደ መታወቂያ ከደጅ ታሳያለች።
ኢዝዲሃር ደግሞ አለች፣
ወላጆቿ ከኦምዱርማን፣ እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ እንግዳ የሆነች፣
ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሽቶ የምትሸጥ፣
የመቀነስ ምልክት ስታይ እጇ የሚል ቀጥ።
"ከዜሮ በታች ምን አለ፣ ኡስታዝ?"
"ዕዳ አለ" አልኳት።
ሳቀች። "እሱንማ አውቀዋለሁ።"
ከዚያ ቀን ወዲህ መቀነስ አላስፈራት።

ቅጽ ሦስት ለመገኘት፣ ቅጽ አምስት ለመቅረት፣
ቅጽ ሰባት ለምክንያት፣ ለምክንያቱም ምክንያት።
ተማሪው ካልፈረመ አልተማረም፤
እኔም ካላስፈረምኩ አይከፈለኝም።
ኪራይ ነበረብኝ። ልሸሽገው አልችልም፦
ኸልፋንን ቀስቅሼ አስፈረምኩት፣
መልሼም አስተኛሁት።

ከዚያ ማክሰኞ አሥር ሰዓት የነበረው
ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሆነ። ለማን ተነገረው?
ኢዝዲሃር ሥራ ላይ ናት፤ ሁለቴ ቀረች፤ ተሰረዘች።
"ሰዓቱን ማን ለወጠው?" "ሲስተሙ።"
"ሲስተሙንስ ማን?"
አቶ ናዲም ትከሻውን ሰበቀ።
ክፉ ሰው አይደለም። ስኳር አለበት። የሦስት ሰው ሥራ ደርቦ
የራሱም ኮንትራት ሊያልቅ ነው።
"ይግባኝ በቅጽ ዘጠኝ ነው።" "ቅጽ ዘጠኝ የት አለ?"
"እየተዘጋጀ ነው" አለ።

ሃምሳ ስምንት አመጣች። ማለፊያው ስድሳ።
ሁለት ነጥብ! አንድ ከሰዓት፣ ሁለት ወንበር፣ ከደረጃው ሥር ልናነሳ
እንችል ነበር።

በተርሙ ማብቂያ "የስኬት ቀን" ተደገሰ፤
ባነር ተሰቀለ፣ ኬክ ተቆረሰ፤
ለፎቶው ልጅ ሲጠፋ ከነርሲንግ ተዋሱ፤
እኔም ጥርሴን አሳየሁ፣ አንስተው እስኪጨርሱ።

በመጋቢት፣ ገበያ ማዕከሉ ውስጥ፣ ድንገት
ከሽቶ መደርደሪያ ኋላ ቆማ አየኋት።
ደንበኛዋ ይከራከራል፤ ማሽኑ ተበላሽቷል።
"መቶ አርባ፣ ሠላሳ በመቶ ሲነሳ፣ አምስት በመቶ ታክስ ሲገባ፣
መቶ ሁለት ከዘጠና" አለች፣ ጣሪያ ጣሪያውን ሳታይ።
በስልኬ አሰላሁት፣ በስርቆት።
ልክ ናት።

"ኡስታዝ፣ ይኸው ዛሬም" ብላ ስልኳን ሰጠችኝ፦
"ውድ ተማሪ፣ ረድፍሽ ቀይ ሆኗል። ማክሰኞ ነይ፣ ልንረዳሽ ዝግጁ ነን።"
ጅብ ከሄደ... ልላት ፈለግሁ፣ ዓረብኛው ጠፋኝ።
ቁራጭ ካርቶን ላይ ዑድ ነፍታ
"ይኸን ያዝ፣ ቅጽ የለውም" አለችኝ።

ረቡዕ የፊርማው ወረቀት ከኪሴ ሲወጣ ዑድ ዑድ ሸተተ።
አቶ ናዲም አፍንጫው ሥር አቆየው፣ ዓይኑን ከደነ፣
ሳያነበው ፈረመ።